ጨፌ ላይ የሚገጠም ኪችን ካቢኔት

መጀመሪያ ስልኳን የመስኮቱ ብረት ላይ ታቆማለች፤ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የሚይዘው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ቀጥላ የላፕቶፑ ቻርጀር ሥር የታጠፈ ካርቶን ትወትፋለች፤ ካልተደገፈ ይነቀላል። አዲስ ገጽ ትከፍታለች። ከላይ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ አንባቢው ማነው፣ ምን ቸገረው? ከሥሩ ርዕስ ትሞክራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ትሞክራለች። የቀረውን ሳትቆም ትመታዋለች። ሲያልቅ የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዳለ ትሰርዘዋለች፤ እጅ እስኪሞቅ የተጻፈ ስለሆነ ሁልጊዜ የማይረባ ነው። በመጨረሻ ድምጿን አውጥታ ታነባለች። ትንፋሽ ያሳጠራት ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይቆረጣል።

ሌንሳ ጉተማ ይህን ትምህርት ቤት አልተማረችውም። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ዕቃ ትመዘግብ ነበር፤ ሠራተኛ ሲቀነስ እሷም ተቀነሰች። በ2007 ኢንተርኔት ቤት እየገባች ስለ ብሎግ አጻጻፍ ያገኘችውን ሁሉ አውርዳ አነበበች። የመጀመሪያ ጽሑፏን ጓደኛዋ እድላዊት አየችውና፣ "አንቺ፣ ይሄ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው እንዴ? የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው" አለቻት። ሌንሳ አልተቀየመችም፣ አልሳቀችምም። ቁጭ ብላ ማኅተም ማኅተም የሚሉትን ቃላት ለቅማ አወጣች።

አሁን በክፍያ የብሎግ ጽሑፍ ትጽፋለች፤ ቋሚ ደንበኛዋ አንድ ነው፦ ፈቀደ፣ ኪችን ካቢኔት ሠሪው። እሱ ከቀረ ሌላ የላትም። ክረምት ሊገባ ሲል ደወለላት።

"ሌንስዬ፣ የአዲሱ ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተሰጥቷል። 'ትናንት ባዶ ሜዳ፣ ዛሬ ዘመናዊ ኑሮ' ብለሽ ጀምሪልኝ። በዚያው ካቢኔቱን ሽጪው።"

"እሺ" አለች።

ባዶ የተባለው ሜዳ የአባቷ ማሳ ነበር። ጉተማ ጤፍና ሽምብራ ሲያመርቱበት ኖረው ለኮንዶሚኒየሙ ተወሰደባቸው፤ አሁን መጋዘን ይጠብቃሉ። ብሎኮቹ ሲቆሙ ሌንሳ አላለቀሰችም፤ በሚኒባስ ስታልፍ በሌላው መስኮት ታያለች፣ በቃ። "ባዶ" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። ንዴት አይደለም። ጣቷ ዝም ብሎ አልመታም አለ። ካልጻፈችው ፈቀደ ሌላ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ከጻፈችው አባቷን ከመሬታቸው ሁለተኛ ጊዜ የምታነሳቸው እሷ ናት።

ከጥበቃ ሲመለሱ ጠየቀቻቸው።

"አባ፣ ማሳችን ባዶ ነበር ይባላል?"

"ማነው ያለው?"

"ካቢኔት ሠሪው።"

"በበጋ አይቶት ነዋ፣ ታጭዶ ካለቀ በኋላ" አሉ ጫማቸውን እየፈቱ። "በክረምት ቢመጣ እስከ ጉልበቱ በሰመጠ። ላይኛው የጤፍ ነው። ታችኛው ጨፌ ነው፤ ስሙም ጨፌ ነው። ውሃ ይተኛበታል። እስኪጎድል ሽምብራም አይዘራበትም።"

"አሁንስ ውሃው ይመጣል?"

"ቁልፍ ተሰጥቷል ብሎ ለውሃው ማን ነገረው?"

ሌንሳ የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጀመረች። "ምድር ቤት ለደረሳችሁ" ብላ። "ቦታው ጨፌ ይባላል፤ የጉተማ ማሳ ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ካቢኔታችሁ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ እግር ይኑረው።" ላከችው።

ፈቀደ ወዲያው ደወለ። "ባዶ ሜዳዬን የት አደረግሽው?"

"ባዶ አልነበረም። አባቴ ያርሱት ነበር።"

መጋዙ ከኋላው ሲጮህ ይሰማል። "አላወቅኩም" አለ። "ግን እግር ያለው ካቢኔት ... እሱስ ይሸጣል። ይውጣ። የአባትሽን ስም ብቻ ከጽሑፉ ላይ አንሺው፤ ሰው የመሬት ክርክር ይመስለዋል።"

አነሳችው። ጨፌ የሚለው ግን ሳይነሳ ቀረ። ደስ አላላትም፣ አልከፋትምም። አንድ መስመር ከግርጌ ጨመረች፤ ፈቀደ አልነካውም፦

"ካቢኔት ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከአካባቢው ነባር ሰው አንዱን ፈልጉና 'ይህ ቦታ ስሙ ማን ነበር?' ብላችሁ ጠይቁት። ሲነግራችሁ አታቋርጡት።"