የፍስክ መደብ

የጓሮ አትክልት ዕቅድ አወጣጥ የሚያስተምሩ ጽሑፎች ከዝናብና ከሙቀት ይጀምራሉ። አዳማ፣ እኛ ግቢ፣ ዕቅድ የሚጀምረው ከጾም ነው። ዝናብ ብንጠብቅ አብዛኛውን ዓመት አቧራ ስናይ እንከርማለን። ውሃው የሚመጣው ከቧንቧ ነው፤ እሱም በፈረቃ። ቧንቧው ካልከዳ ጎመን በማንኛውም ወር ይበቅላል። ስለዚህ የእኛ ሥራ መቼ እንደሚበላ ማወቅና ከዚያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

የግቢው ባለቤት ከአቦምሳ ገጠር መጥተው አዳማ ቤት የሠሩ፣ ባላቸውን ከቀበሩ የቆዩ የአርሲ ሴት ናቸው። አዴ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ተከራዮቹ ሦስት ነን። አንደኛው ባቡር ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለተኛዋ ከወሎ የመጣች፣ የግቢው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትተዳደር ሴት ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጓሮውን ብናለማው ብለን ስንጠይቃቸው አዴ «ቶሌ፣ አልሙ» አሉን። በምላሹ ምንም አልጠየቁም። ምንም ያልጠየቀ ሰው ምንም አይፈልግም ብለን ደመደምን።

ኅዳር ላይ እንሰበሰባለን። ጋሼ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ የጣቶቻቸውን አንጓ እየቆጠሩ ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ያወጣሉ። ከዚያ ለጎመኑ ይህን ያህል ሳምንት፣ ለቆስጣው ይህን ያህል እያሉ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሳምቡሳ ጠባሿ ይህ ሁሉ ስልክ ላይ እንዳለ በየዓመቱ ትነግራቸዋለች።

«ስልክሽ ባትሪ ሲጨርስ ጾሙ ሊቀር ነው?» ይሏታል።

«የእርስዎስ ጣት የታመመ ዕለት፣ ጋሼ?»

የእሷ ቆጠራ ከጨረቃ ጋር ነው። በረመዳን ማታ ማታ ጾም የሚፈታው ሰው በሯ ላይ ይሰለፋል። ለዚያ ወር ቃሪያ፣ ባሮ ሽንኩርትና ከሁሉም በላይ የድንብላል ቅጠል ያስፈልጋታል። ድንብላል ደግሞ በአዳማ ሙቀት ትዕግሥት የለውም። ቅጠሉ ሳይጠገብ ያብባል። አንዴ ዘርቶ መተኛት ስለማይቻል ትንሽ ትዘራለች፣ ሰንበት አድርጋ አጠገቡ ሌላ ትንሽ ትዘራለች፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለተኛው እንዲደርስ።

እኔ ካሬ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይዤ እቀርባለሁ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጋዜጣ ሥራ ነው፤ ጓሮ ሳቅድ ገጽ የማቀናብር ይመስለኛል። ቦታው አይበቃም፣ የሚገባው ብዙ ነው፣ ሁሉም የፊት ገጹን ይፈልጋል። የእኛ የፊት ገጽ ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ ነው። ያለፈውን ዓመት ወረቀት ከጎን ዘርግቼ፣ ቲማቲም በነበረበት ላይ ቃሪያ እንዳይተከል እቆጣጠራለሁ። ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ የአንዱ በሽታ አፈሩ ውስጥ ቆይቶ ሌላውን ይይዛል።

«እንደኔ ወንድሞች ነዋ» አሉ ጋሼ ይህን መጀመሪያ ያስረዳኋቸው ቀን። «አንዱ የተወውን ጠብ ሌላው ያነሣዋል።»

ወረቀቱ ከጸደቀ በኋላ ችካል እንተክላለን፣ ሲባጎ እንወጥራለን። ጠቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጋሼና በሳምቡሳ ጠባሿ መደብ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ይህ መተላለፊያ በየዓመቱ ሰው ሳያየው ይሰፋል። የሁለቱም ችካል ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይገኛል። ጥቂት ቆይቶ መሐል መንገዱ ላይ ጎመን ይበቅላል። ጋሼ የእሷ ነው ብለው ይነቅሉታል። እሷ የሳቸው ነው ብላ የቀረውን ትነቅለዋለች።

«ለጾም ብለው መሬት ይገፋሉ፣ ጋሼ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ መንገድ ላይ ጎመን የምትዘሪው።»

«ጎመን ሳምቡሳ ውስጥ ይገባል? ወላሂ ጎመን ያለበት ሳምቡሳ ብሸጥ ይህ ሰፈር በድንጋይ ነው የሚያባርረኝ።»

አሁን ሳስበው ጠንካራ ማስረጃ ነበር። ያኔ ግን ሁለቱም ስለሚጮኹ ማንም አላደመጠውም።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ገቡ። ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙ ገበያው ላይ ቃሪያውም ቅጠሉም የሚቀመስ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ያንኑ ነው። ኅዳር ላይ ተጠንቅቀን አቀድን፣ ችካላችንን ተከልን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ችካሎቹ ተገፍተው አገኘናቸው። ጋሼና ሳምቡሳ ጠባሿ ጀመሩ። አዴ ከበረንዳቸው ብድግ አሉ።

«በቃ። በየዓመቱ ጠብ። ጥምቀት ይለፍ፣ ሲሚንቶ አስፈስሼ ባጃጅ ማቆሚያ አደርገዋለሁ።»

በማግስቱ ግንበኛ መጥቶ ጓሮውን በእርምጃ ለካ። ያን ጊዜ ነገሩ የምር መሆኑ ገባን። እኔ የማጣው ሰላጣ ብቻ ነው። ለጋሼ ከጎረቤት ጋር የሚነጋገሩበት ምክንያት ነው። ለሳምቡሳ ጠባሿ ግን ረመዳን ዓመቱን የሚያሻግራት ወር ነው፤ ጓሮው ከሌለ መጥበሻዋ አይሞቅም።

«ዘንድሮ ከገበያ ገዝቼ አልዘልቀውም» አለችኝ፤ ከእሷ ቀልድ የሌለበት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ሲሚንቶው ከፈሰሰ መጥበሻዬን አንጠልጥዬ ደሴ ነው የምገባው።»

ወደ ችካሎቹ ተመለስኩ። ሲባጎው ተፈትቶ እንደገና ታስሯል። እኔ የማስረው እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው። ጋሼ ደግሞ የሚፈታው ሰው እንዲያለቅስ አድርገው ነው የሚያስሩት። ሳምቡሳ ጠባሿ ችካሉ ላይ ትጠመጥመዋለች እንጂ አትቋጥርም። ይህኛው ከሦስታችንም የተለየ ነበር። ሲጎትቱት የሚጠብቅ፣ ጫፉን ሲስቡት በአንድ እጅ የሚፈታ፣ ከብት ያሳደገ ሰው ቋጠሮ። ግቢው ውስጥ በዚህ ዓይነት የታሰረ ሌላ ነገር አንድ ብቻ አለ፤ በረንዳው ሥር ቆሞ የሚያመሰኳው የአዴ በግ።

በአንድ ማስረጃ ዜና አይሠራም። አዴ ዘንድ ሄድኩ።

«አካም ቡልታን፣ አዴ?»

«ደህና። ደግሞ ምን ልትጽፍ ነው?»

«ምንም። አምና መንገዱ ላይ በቅሎ የነበረው ጎመን ግን ያሳዝነኛል። ጥሩ ዘር ይመስል ነበር።»

«ይመስል ነበር? ከአቦምሳ የመጣ ነው። ቅጠሉ ቢተዉት ይህን ያህል...» እጃቸውን ዘረጉና እዚያው አየር ላይ ተዉት።

እኔም ዝም አልኩ። በሙያዬ ከዝምታ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም። በጉ ማመስኳቱን ቀጠለ።

«ጎመን የሚበላው ጿሚ ብቻ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ጎመን በሥጋ የሚባል አልሰማችሁም? በየዓመቱ ወረቀት ዘርግታችሁ ስትከፋፈሉ እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የሁዳዴ ይህን ያህል። የረመዳን ይህን ያህል። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ በቀን መቁጠሪያ አልጾምም። እና አልበላም?»

«ቢነግሩን ኖሮ እኮ...»

«በገዛ ግቢዬ ከተከራይ መደብ ልለምን?»

ነገሩ ይኸው ነበር። እሳቸው መጠየቁን ይሉኝታ ያዛቸውና በስውር ችካል እየገፉ መንገዱ ላይ ዘሩ። ለእኛም ለባለመሬት ከገዛ መሬታቸው ቆርሶ መስጠት ድፍረት ስለሚመስለን ሐሳቡ እንኳ አልመጣልንም። ዕቅዳችን በጾም የተሠራ ስለሆነ፣ የጾም ወቅት የሌለው ሰው ወረቀቱ ላይ የሚገባበት ካሬ አልነበረም። ትክክለኛ ስሌት ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎታል።

ለሁለቱ ነገርኳቸው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እስከ ዛሬ የነቀልኩት የሳቸውን ነው?»

«ነቅለው ምን ያደርጉት ነበር?» አለች ሳምቡሳ ጠባሿ።

«እበላዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ።»

«አብሽሩ ጋሼ። እኔም የድርሻዬን በልቻለሁ።»

ይቅርታ እንጠይቅ ብንል አዴ ችካል መግፋታቸውን እንደደረስንበት ያውቃሉ፤ በሐፍረት ያን ዕለት ሲሚንቶው ይመጣል። ዝም ብንል ከጥምቀት በኋላ ይመጣል። የቀረን መንገድ መደቡን መስጠት ሳንመስል መስጠት ነበር። ላጲሴን አነሣሁ። የሦስታችንንም ድርሻ አጥብቤ አራተኛ መደብ አወጣሁና ላዩ ላይ «የፍስክ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ አዴን ወደ ስብሰባ ጋበዝናቸው። ንግግሩ የጋሼ ነበር፤ ፊታቸው ሳይንቀሳቀስ መዋሸት ከሁላችን በተሻለ ይችሉበታል።

«አዴ፣ ችግር ገጥሞን ነው። ይህ መደብ ከጾም ውጭ ለሚበላ አትክልት የተተወ ነው። እኛ ደግሞ ጾም ሲፈታ ሐሳባችን ሥጋው ላይ ነው፤ አትክልት ትዝ አይለንም። የሚይዝልን ሰው አጣን።»

«ባዶውን ተዉት» አሉ አዴ።

«ባዶ መሬት አረም ያበቅላል፤ አረሙ ሌላውን ይወርሳል።»

«እንግዲያው ሰው ፈልጉ። እኔ ለእርሻ ጊዜ የለኝም።»

ማዕድ ላይ እንደሚደረገው ነው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው፣ በሦስተኛው ግን ጋባዡ መለመን አለበት። ሳምቡሳ ጠባሿ ለመነች።

«አዴ፣ በአላህ። ለእኛ ብለው ይያዙልን።»

አዴ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አነሡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄ ከቧንቧው ይርቃል» አሉ።

ቧንቧው አጠገብ ያለው መደብ የድንብላሉ ነበር።

«አዴ» አለች ሳምቡሳ ጠባሿ ቀስ ብላ፣ «ድንብላሌ ውሃ ካጣ ያብባል። ጎመን ይታገሣል።»

«የኔ ጎመን ለምን ይታገሣል?»

«ሁዳዴም ረመዳንም ሲታገሡ ጎመን ቢታገሥ ምን አለበት?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ ዝም ይበሉ። የጎመን ነገር ከእርስዎ ጋር አላወራም።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። አዴ ምን ያህሉን እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ጠረጠርኩ፤ ማረጋገጫ ስላላገኘሁ ጥርጣሬ ሆኖ ቀርቷል። ክርክሩ ሻይ አስቀድቶ ቀጠለ። ሁለት ጊዜ ደምስሼ ሣልኩ። መጨረሻ ላይ የቧንቧው መደብ ረመዳን እስኪወጣ ለድንብላሉ፣ ከዚያ በኋላ ለአዴ ጎመን ተወሰነ። እስከዚያ አዴ ችግኛቸውን በፍስኩ መደብ ላይ እንዲያፈሉ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ መጀመሪያ እሳቸው እንዲያጠጡ ተስማማን።

ስንነሣ ጋሼ አላስቻላቸውም።

«እንግዲህ አዴ፣ ያ ሲሚንቶ...»

«የምን ሲሚንቶ? ጎመኔ ላይ?»

ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። ረመዳን ሲገባ ድንብላሉ እንደታሰበው ተራ በተራ ደረሰ፤ የግቢው በር በየማታው ሰው አላጣም። አዴ በረንዳው ላይ ሆነው ሳምቡሳው ቃሪያ እንደሚያንሰው በየቀኑ ይናገሩ ነበር፤ በየቀኑም ይበሉ ነበር።

በዒድ ማግስት ጠዋት፣ የሳምቡሳው መጥበሻ ታጥቦ ሳይደርቅ፣ አዴ ችግኛቸውን ወደ ቧንቧው አጠገብ አዛውረው አገኘናቸው። የመደቡ ችካልም አንድ እርምጃ ያህል ወደ ጋሼ ቆስጣ ተገፍቷል። ሲባጎው በዚያው በከብት ቋጠሮ ታስሯል፤ አሁን ለመደበቅ እንኳ አልተሞከረም። የጋሼ ጾም ገና አላለቀም፣ ቆስጣቸውም ገና አልተነሣም። ችካሉን ቆመው አዩት። ሳምቡሳ ጠባሿ ምን እንደሚሉ ለመስማት ከበሩ አንገቷን አስገባች።

«ሲሚንቶ ከሚገፋኝ ጎመን ይግፋኝ» አሉና ማጠጫቸውን ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ።

ተራው ግን የአዴ ነበር።