አክስቴ ከእንግዶቿ የደበቀችው ትኩሳት

አክስቴ ለጠየቃት ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ነበር መልሷ። ጅግጅጋ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ ኖራ ካንሰር ሲይዛትም ያው ነበረች።

የኬሞቴራፒውን ክኒን የምትወስደው ቤት ውስጥ ነበር። የመድኃኒት ባለሙያዋ ክኒኑ እንዳይሰበር፣ ሌላ ሰውም በባዶ እጁ እንዳይነካው አስጠንቅቃናለች። ትኩሳት ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል እንድንወስዳት አጥብቃ ነግራናለች።

ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁ ቀን ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ጎረቤታችን ሐሊማ «ወላሂ ፊትሽ በርቷል፤ ልትዳሪ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደችባት። ሁሉም ሳቁ፤ አክስቴም ሳቀች። ብርጭቆ ሳቀብላት እጇ እንደ እሳት ፈጀኝ።

«አክስቴ፣ ትኩሳት አለሽ። አሁኑኑ እንሂድ» አልኳት በጆሮዋ።

«ዝም በይ! ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ትቼ ልነሳ? ይልቅ ሻይ ቅጂላቸው።»

ደግሜ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ከሰዓታት በኋላ እንግዶቹ ሲወጡ መቆም አቃታት። ከሐሊማ ጋር ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገብተን ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ መድኃኒቱ የሰውነቷን በሽታ የመከላከል አቅም አዳክሞት ስለነበር ኢንፌክሽን በደሟ ውስጥ መሰራጨቱን ነገረን። በማግስቱ አረፈች።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ስትጠይቁ ቶሎ ተነሱ።

ዘመዶቼ ትምህርትሽን ቀጥዪ ይሉኛል። እናቴን አላውቃትም፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከእንግዲህ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ማን ነው የምመጣው?