ሚስተር ዴቪድ ያላረመን ስህተት

ቆቦ ላይ ባጃጅ መብዛት በጀመረበት ሰሞን የሆነ ነው። ዛሬም ደብዳቤ ስጀምር፣ የተቀባዩን ስም ሁለቴ ሳላይ አላልፍም።

ያኔ አውራ ጎዳናው ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። ሚስተር ዴቪድ ደግሞ ተማሪ ሳለን ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረን እንግሊዛዊ ነው። አገሩ ተመልሶ፣ ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒውተር ለአንድ ድርጅት ይሠራ ነበር። ሥራው ለደንበኞች ደብዳቤ መጻፍ ነው። እሱ ግን ሥራውን በኢሜይል ለእኔ ያስተላልፈዋል። እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ በስሙ ይልካል፤ ከደመወዙም ቆንጠር አድርጎ ይሰጠኛል። አለቆቹ አያውቁም።

እኔስ ከማን አንሼ! ሥራ ሲበዛብኝ ግማሹን ጎብዬ ከተማ ለሚያስተምረው ጓደኛዬ ለሰይድ በርካሽ እሰጠው ጀመር። ይህንን ደግሞ ዴቪድ አያውቅም።

አንድ ቀን ሰይድ የሠራውን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ።

«በደንብ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አብሽር! ወላሂ እንደ ተማሪ ስም መጥሪያ ነው ያሳመርኩት።»

ሁለት ቀን ጠፍቶ የነበረው መብራት ገና መምጣቱ ነበር። ተመልሶ ሳይሄድ ብዬ፣ ፋይሉን ሳልከፍት ላክሁት። ዴቪድም አምኖኝ ሳያይ አሳልፎታል።

በሳምንቱ ደወለ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ «ክቡር ሚስተር ጆን»፣ «ክቡር ሚስተር ፒተር» እያሉ ነው የሚጀምሩት። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። እነሱ ዘንድ ግን «ሚስተር» የሚባለው በቤተሰብ ስም ነው። እኔ ይህን ሥራው ላይ ተምሬዋለሁ፤ ለሰይድ ግን አልነገርኩትም።

አለቃው «የገዛ አገርህ አጠራር እንዴት ጠፋህ?» ብሎ ሲያፋጥጠው፣ ዴቪድ እውነቱን ተናገረ። ከሥራ አባረሩት።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ።

የሰይድ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሴ ስም ሚስተር ዴቪድ ስትሉኝ አንድ ቀን አላረምኳችሁም» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን ወጊው ሆኜም አልረሳሁትም፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሰይድ ገበያ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል። «ያ ፈረንጅ ሥራ መላኩን ተወ እንዴ? የመጨረሻዋን ሥራዬን ወደዳት ግን?»

«ወዷታል» እለዋለሁ።