ብቻዋን የምትበላው ንብ

ደይሽን የስማራ የስደተኞች ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮህ ቢታመም ወደ እሱ ትወስዳለህ፤ ልጅህን ብትድር ጊታሩን ይዞ እንዲመጣልህ ትለምነዋለህ። ግትርነቱን ደግሞ ሳትለምነው ይሰጥሃል። አንድ ጊዜ የዘመመች ምሰሶ ላቃና ብሎ ድንኳኑን በሙሉ በራሱ ላይ የጣለ ሰው ነው፤ ከሥሩ ጎትተው ሲያወጡት እንኳ «ምሰሶዋ ግን ተቃንታለች» አለ ይባላል።

ግትርነቱ አብዛኛውን ጊዜ ያስቃል። እናቱ ሱኤልማ በመጣችበት ሳምንት ግን ማንንም አላሳቀም።

በአገራችን ጦርነቱ ሲጀመር ደይሽ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ከአጎቱ ጋር በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደዚህ በረሃ ወጣ። አባቱ ታሞ ስለነበር እናቱ ከባሏ ጋር ቀረች፤ «አባትህ ሲሻለው እንከተላችኋለን» ብላ ሸኘችው። ከዚያ አገሩን ለሁለት የከፈለው የአሸዋ ግንብ ተሠራ፣ በግንቡ ግርጌም ፈንጂ ተቀበረ። እሷ ከወዲያ ቀረች፣ እሱ ከወዲህ። የአባቱ ሞት እንኳ በሰው በሰው ዞሮ የደረሰው ከርሞ ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት ግድም ከሆነ በኋላ ነው ለተነጣጠሉ ቤተሰቦች በተፈቀደው የጉብኝት አውሮፕላን የአሮጊቷ ስም የወጣው። የተሰጣት አምስት ቀን ነው። በዕድሜዋ ሁለተኛ ተራ እንደማይደርሳት እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል።

አባትየው የታወቀ የቲዲኒት ተጫዋች ነበር። ቲዲኒት ባለ አራት ክር የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ አናቱ ላይ ትንንሽ ቀለበቶች የተሰኩባት የብረት ቅጠል አለችው። ክሩ በተመታ ቁጥር ቅጠሏ እየተርገበገበች እዝዝ ትላለች። ያለ እሷ ዜማው ለኛ ጆሮ ጨው እንዳልነካው ሥጋ ነው። ደይሽን በጊታሩ ላይ ሲያንገበግበው የኖረውም ይኸው ነበር፤ ድምፁ ጥርት ያለ፣ በሳሙና የታጠበ። ስለዚህ የእናቱ ስም መውጣቱን የሰማ ዕለት፣ ሰፈሩን ሊጎበኝ መጥቶ የነበረ አንድ የስፔን ጊታረኛ ያሳየውን እያስታወሰ አንዲት መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ከጦርነቱ ከተረፈ የወታደር ሬዲዮ ውስጥ ትራንዚስተሮች ነቀለ፣ ባዶ የቱና ቆርቆሮ ውስጥ ደርድሮ በየዳቸው። መሣሪያዋ በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መሀል ትገባለች፤ ንጹሑን ድምፅ ትቀበልና ቧጭራ፣ አጎርንና ትለቀዋለች። ሰፈሩ ወዲያው «ንቧ» ብሎ ስም አወጣላት። በትንሽ አራት ማዕዘን ባትሪ አስነስቶ የሞከራት ቀን ደይሽ ዓይኑን ጨፍኖ የአባቱን ጣቶች አየ። ለእናቱ የሚሰጣት ይህን ነበር፤ ከአንድ ፍየልና ከዚህ ድምፅ በቀር የሚሰጣት አልነበረውም።

እናቱ በደረሰች ዕለት ያቺ ትንሽ ባትሪ ሞተች። ባለ ሱቁ ያወጣለት ሁሉ ሙቀት የቀቀለው ሆነ። ደይሽም ሳይጨነቅ ንቧን ድንኳኑ ሁሉ ከሚበላባት የመኪና ባትሪ ላይ ቀጠላት። መብራቱም፣ ሬዲዮውም፣ ማጉያውም ከእሷው ነው የሚበሉት። ገመዱን ሰክቶ ክሩን መታ። ድምፅ የለም። ጉርምርምታ እንኳ የለም።

አሮጊቷ በመጀመሪያው ቀን ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ምሰሶው ላይ መንጠልጠሉን አየች።

«ክሩን ተውከው እንዴ ልጄ?» አለችው።

«አልተውኩም እማ። ነገ አሰማሻለሁ።»

በማግስቱም ጠየቀችው። «ነገ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ከራስ እስከ እግር የተጠቀለለችበት መልሕፋ ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣቶቿ እያሻሸች ትቀመጣለች።

እሱ ግን እልህ ያዘው፤ እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል። ጊታሩን ንቧን ዘሎ በቀጥታ ማጉያው ላይ ሲሰካው ይጮኻል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ቆርቆሮዋ ውስጥ ነው። ብየዳውን አንድ በአንድ አቅልጦ እንደገና በየደ። በእግር የምትረገጠዋን ማብሪያ ፈትቶ በሚስቱ ሽቶ አጠባት፤ ድንኳኑ ሰርግ ሰርግ ሸተተ እንጂ ንቧ አልተነፈሰችም። ትራንዚስተሮቹን ነቅሎ ከዚያው ሬዲዮ ሌሎች ተካ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ማን ይንገረው። ዘመድ አዝማድ እናቱን ሊጠይቅ ይገባል፣ ይወጣል፤ ፍየሏ ታርዳ ትበላለች፤ ሻይ ይፈላል፤ እሱ ጥግ ላይ አጎንብሶ ይጭራል።

ሚስቱ ደሪፋ ታጋሽ ሴት ናት፤ እሷም በመጨረሻ መረራት።

«ያለ ንቧ ለምን አትመታላትም?»

«እናቴ ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቃ የታጠበ ድምፅ ትስማ?»

«እናትህ የመጣችው ጀርባህን ልታይ አይደለም» አለችው።

ነገሩ ገባው፤ ልቡ ውስጥ ሰርጎ ገባ። ግን ፊቱን አላዞረም። ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ የሚናገረው ይጠፋው ነበር። ልጅ ሆኖ የተለያትን ሴት ሽበት ይዞ ምን ብሎ ያጫውታት? ስለ አባቱ ሊጠይቃት አፉን ይከፍትና ስለ ፍየሏ ይጠይቃታል። ንቧ ብትጮህ በእሱ ፈንታ ትናገርለት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ የአሮጊቷ ሻንጣ ታስሮ በር ላይ ተቀምጧል። ተጓዦችን ወደ አውሮፕላኑ የሚወስደው አውቶቡስ ከቀትር ሶላት በኋላ ይመጣል። የውሃ ቦቴው ሾፌር ቡየማ የቤቱን ታንከር ሞላና ሊሰናበታት ጎንበስ ብሎ ገባ። ቡየማ በጦርነቱ ጊዜ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፤ አፉ ከቦቴው ይበልጥ ያፈስሳል።

«ሰላም ለዚህ ቤት። ሙሽራው ዛሬም ከቆርቆሮው አልወጣም?»

«ቡየማ፣ ውሃህን ቅዳና ሂድ።»

«ቀድቻለሁ። ያንተን ጉድ ሳላይ ግን አልሄድም።» አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ቆርቆሮዋን ከእጁ ወሰደና ወደ ብርሃን አዞራት። «እነዚህን የትራንዚስተር ጥርሶች ከየት ነቀልካቸው?»

«ከድሮው የጦር ሜዳ ሬዲዮ።»

«ከአረንጓዴው?»

«ከአረንጓዴው።»

ቡየማ እስኪያስለው ሳቀ። «ያ ከይሲ እኮ ግልብጥ ነው፣ ወንድሜ። ሁለት አቃጥለን ነው የተማርነው። እሱ ቀዩን ሽቦ ነው ከገላው ጋር የሚያስረው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቁሩ ነው። አንተ እንዴት አሰርከው?»

ደይሽ ሽቦዎቹን አየ። እንዴት እንዳሰረው ማንም ያውቃል። በኛ ሰፈር ጥቁር ከቆርቆሮ፣ ቀይ ወደ ውስጥ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይህን የሚያውቀው የቁርኣኑን ፋቲሓ በቃሉ ሳይወጣ ነው። ንቧን ሲሠራት የስፔኑን ሰው እጅ አስታውሶ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ገልብጦ አሰራት፤ ሠራች። ከድንኳኑ ባትሪ ላይ ሲቀጥላት ግን የሰፈሩ እጅ በልማዱ ሄደ። አምስት ቀን ሙሉ የጠፋው ነገር ፊቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሽቦዎቹን ሊያገላብጥ ሲዘረጋ ቡየማ እጁን ያዘው።

«ቀስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ማጉያህስ ከዚሁ ባትሪ አይደል የሚበላው? የሱ ገላ ጥቁር፣ የንቧ ገላ ቀይ። በጊታሩ ገመድ ስታገናኛቸው ቀይና ጥቁር ተሳሳሙ ማለት ነው። ድንኳኑን ታነድደዋለህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ብቻዋን ትብላ። የራሷን ባትሪ ስጣት። የቦቴዬን ብቻ እንዳትጠይቀኝ፤ ሰፈሩ ውሃ ይጠማዋል።»

ብቻውን የሚበላ ነገር እኛ ዘንድ አይታወቅም። እንግዳ ቢመጣ ከአንድ ትሪ ነው፤ ዕቃም ቢሆን ከአንድ ባትሪ ነው። ደይሽ የብየዳውን ካውያ አስቀምጦ ወደ እናቱ ሻንጣ ተመለከተ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ነበረው። ደሪፋ ግን መልሕፋዋን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጥታ ነበር።

ከየጎረቤቱ የእጅ ባትሪና የትንሽ ሬዲዮ ድንጋይ ለመነች። አንዷ ዜና እየሰማች ሳለ ነው ከሬዲዮዋ አውጥታ የሰጠቻት፤ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ «የእጅ ባትሪ ለኔ ምኔ ነው» ብለው ሁለት አወጡላት። በአካባቢው የሚያወራው ሬዲዮ ሁሉ ተራ በተራ ዝም አለ። ደሪፋ ስድስት ድንጋዮች በመልሕፋዋ እቅፍ ይዛ ገባች። ቡየማ ደርድሮ በጎማ ላስቲክ ጠፈራቸው፤ ደይሽ ቀዩን ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር አሰረ። ሶላቱ አልቋል፤ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከሰፈሩ ጫፍ ተሰማ።

ክሩን መታ። ንቧ ተነሣች።

አባቱ ለሰርግ መግቢያ ይመታት የነበረችውን ዜማ ያዘ። አሮጊቷ ሻንጣዋ አጠገብ እንደቆመች ቀረች። ጆሮዋ ደከም ስላለ ቀስ ብላ መጣችና መዳፏን ማጉያው ላይ አሳረፈች፤ እጇ ከድምፁ ጋር ተርገበገበ። ዜማው እስኪያልቅ አላነሣችውም። ቡየማም ለአንድ ጊዜ አፉን ዘጋ።

ሲጨርስ ሱኤልማ የመልሕፋዋን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች። ትንሽ፣ ጠርዟ የዛገ የብረት ቅጠል አወጣች፤ ቀለበቶቿ እንዳሉ ናቸው። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባትህ አንተ የሄድክ ዕለት ነው ነቅሎ ያወጣት» አለች። «‹ልጁ እስኪመጣ አትጮህም› አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ያለ እሷ ነው የመታው።»

ደይሽ ብረቷን አየ፣ እናቱን አየ።

«ሊሞት ሲል አደራ አለኝ፤ ‹ክሩን ካልተወ ስጪው። ከተወ ግን አታሳዪው፣ ሸክም ትሆንበታለች። መልሰሽ መቃብሬ ላይ ቅበሪያት።›»

«ታዲያ በመጣሽበት ቀን ለምን አልሰጠሽኝም እማ?»

«ጠየቅኩህ እኮ። ነገ አልከኝ። ደግሞ ነገ አልከኝ። የተወ ሰው እንዲህ ነው የሚለው ብዬ፣ ላላስጨንቅህ ዝም አልኩ።»

ከደጅ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ደግሞ ነፋ።

«ያለ ንቧ ብመታልሽ ኖሮስ?» አላት።

«ምን ነበረበት ልጄ? አባትህ እኮ እስኪሞት እንደዚያ ነው የመታልኝ። እኔ የማውቀው ያንን ነው።»

አምስት ቀን ጀርባውን ሰጥቷት የሸሸው ያ የታጠበ ድምፅ የአባቱ የመጨረሻ ድምፅ ነበር። አንዲት ክር ብቻ ቢነካላት አምስቱን ቀን ስለ አባቱ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። አሁን የቀራቸው ከድንኳኑ እስከ አውቶቡሱ ያለው መንገድ ነው። ሻንጣዋን ተሸክሞ ክንዷን ይዞ ወጣ። በመንገዱ ላይ ስለ አባቱ አንድ ነገር ጠየቃት፣ ስለ መቃብሩ፤ እሷም ባሕሩ እንደሚታይበት ነገረችው። ሌላ ሳይጠይቃት ደረሱ።

አውቶቡሱ አቧራው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ተመልሶ መጣ። ደሪፋ ለጎረቤቶቹ እንድትመልስላቸው ላስቲኩን ፈትቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሰጣት። ብዙም ሳይቆይ የየድንኳኑ ሬዲዮ እንደገና ማውራት ጀመረ።

ደሪፋ ስትመለስ የብረቷን ቅጠል በጨርቅ ሲጠቀልል አገኘችው።

«ጊታሩ ላይ አትሰካትም?»

«እናቴ ስትመጣ» አለ።

ለአሮጊቷ ሁለተኛ ተራ እንደማይደርሳት ደሪፋም ታውቃለች። ደይሽ ጊታሩን አነሣ፤ ንቧን ወደ ጎን ገፋ አደረጋትና ገመዱን በቀጥታ ማጉያው ላይ ሰካ። የዚያችኑ ዜማ መጀመሪያ ያዘ፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር።