ለሦስተኛ ጊዜ የለካሁት ትከሻ

ትናንት ጠዋት ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ የከንቲባችን ቢሮ ገባሁ። ለአቤቱታ እንዳይመስላችሁ... ትከሻ ልለካ ነው።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ከበግ ጠጉር በርኖስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እኛ አገር ሰው ሲሾም በርኖስ ይደረብለታል፣ ሲሸኝም ይደረብለታል። ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ከንቲባ ሲሆን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ፌዴራል ተሾሞ ሲሄድ የሽኝቱንም እኔው ሰፋሁ። አሁን ደግሞ ተመልሶ ከንቲባ ሆኖልናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባል የለ? የእኛው መሻር የሚባል ነገር አያውቅም፣ መዛወር ብቻ ነው።

ለእሁዱ አቀባበል ኮሚቴው ሲጠራኝ እሺ ያልኩት ለቦዩ ስል ነው።

ከሰፈራችን በላይ አስፋልቱ ሲሠራ የውሃ መውረጃው ቦይ እኛ ደጃፍ ሲደርስ ቆመ። በቃ፣ ቆመ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቤታችን ይገባል። አምና የጎረቤቴን የእማማ ትርፌን አንድ ግድግዳ ይዞት ሄደ። የቄስ ሚስት ነበሩ፣ አሁን ብቻቸውን ናቸው። የቀረው ግድግዳ በሁለት ባላ ተደግፎ ነው የቆመው... ግንቦት ደግሞ እያለቀ ነው።

ያኔ ከንቲባ እያለ ስንነግረው «መንገዱ የፌዴራል ነው፣ እኛ አንነካውም» አለን። ፌዴራል ሲገባ እልል አልን። ሌሊት ተነስቼ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። «እትዬ አስካለ፣ መንገዱ እንጂ ቦዩ እኮ የከተማው ነው፣ እዚያው ጠይቁ» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

አሁን እንግዲህ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ ሰው መጣ ብዬ ነው የሄድኩት።

ተነስቶ ቆመልኝ። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ዘረጋሁት። ከመጀመሪያው በአራት ጣት ይበልጣል።

«ጨመርኩ እንዴ እትዬ አስካለ?» አለ እየሳቀ።

«ሹመት ይስማማዎታል» አልኩት። ከዚያ ዝም ልል አልቻልኩም። «ክቡር ከንቲባ፣ ያ ቦይ እንዴት ይሁን? የእማማ ትርፌ ቤት ይሄን ክረምት አይከርምም።»

«የቱ ቦይ?»

እጄ ትከሻው ላይ እንዳለ ቀረ... የቱ ቦይ።

እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «እኔ እኮ ለቦታው አዲስ ነኝ፣ ጊዜ ስጡኝ፣ ላጥናው» አለኝ። ሁለት በርኖስ የደረብኩለት ሰውዬ... አዲስ ነኝ አለኝ።

ሜትሬን ጠቀለልኩ።

አጠገቡ የቆመው የኮሚቴው ሰው ደነገጠ። «እትዬ፣ ቁመታቸው አልተለካም እኮ።»

«እኔም ለክቡርነታቸው ትከሻ አዲስ ነኝ። ጊዜ ስጡኝ፣ ላጥናው» ብዬ ወጣሁ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ አልሳቀም።

ከሰዓት ኮሚቴው ደወለ። «እትዬ አስካለ፣ ለእሁድ ምን ልናለብሰው ነው? አታዋርጅን እንጂ።»

«በብርድ የሞተ ሹም አይቼ አላውቅም» አልኩት። «ግድግዳ ተጭኗት የሞተች አሮጊት ግን ልታሳዩኝ ነው። ከእኔ ጋር መቃብር ዳር ቆማችሁ ልታለቅሱ።» ስልኩን ዘጋሁት።

ለእሱ ያሠራሁት ጥቁር ጨርቅ ግን አልጋው ላይ ተዘርግቶ ያየኛል። ቆረጥኩት። ዛሬ ጠዋት ሰፍቼ ጨርሼ ለእማማ ትርፌ ደረብኩላቸው። ግድግዳው በወደቀበት በኩል ብርዱ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው። ማታ ማታም እኔ ጋ እንዲያድሩ ተስማምተናል፣ በግድ።

ትንሽ ትልቅ ሆነባቸው። ግን የዛሬ ዓመት ሄጄ ብጠይቃቸው «የቱ በርኖስ?» አይሉኝም።