የእግረኛ ቆጠራ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ

ጎንደር፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው ተባለና መሐንዲሱ በሜዳው የሚያልፈውን ሰው እንድቆጥር አደረገኝ። «የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ጻፊ፤ በእግሩ የሚያልፈውን ብቻ» አለኝ። እግረኛው ጥቂት ከሆነ መንገዱ ይታጠራል፤ ሰፈራችንም ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አስፋልቱን ሊዞር ነው። ስለዚህ አንድም ሰው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነበር። የሰው ፊት ማየት ስለማልደፍር የምቆጥረው እግር እያየሁ ነው።

ረፋድ ላይ የአያ ውበቱ ቀብር መጣ። ተሸካሚዎቹን ጨምሬ አርባ ሰው ጻፍኩ። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ ቆም ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ አያ ውበቱንስ ምነው ተውሽው? እሱም እኮ የሰፈሩ ሰው ነው!» አለኝ።

«በእግሩ የሚያልፈውን ብቻ ነው የተባልኩት» አልኩ፣ ድምፄ እየጠፋ።

ከቀብር ሲመለሱም አርባ ሰው ቆጠርኩ። ሁሉም አልፈው መንገዱ ጭር አለ። ልክ መጣልኝ ብዬ ደብተሬን ልዘጋ ስል፣ እርጥብ አፈር የተለጠፈበት ባዶ እግር ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።

«ልጄ፣ አሁንስ በእግሬ ነኝ፤ ጻፊኝ» አለኝ።