ጋሼ ደምሴን የሚይዛቸው ሳል

ልጅ ሳለሁ ይጁቤ ላይ፣ ሲመሻሽ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ ኩራዙም ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያገዘፈ፣ አባባ የምንላቸው አያቴ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። አብልጠው የሚወዱት የበቅሎዋን ነው። በቅሎ ገበያ ስትወርድ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «አባትሽ ማነው?» ይላታል፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ «ፈረስ አጎቴ ነው» ትላለች። አባባ እዚህ ላይ ፍሙን በዱላቸው ጫፍ ይቆሰቁሱና ዝም ይላሉ። ያኔ እኛ ልጆቹ «አባቷስ?» ብለን እስክንጮህ ይጠብቁ ነበር። «አህያ ነዋ! እህሉን፣ ማገዶውን ተሸክሞ ያሳደጋት አህያ። ግን እሱን ማን ይጠራዋል!»

ያኔ በበቅሎዋ እስክንፈርስ ነበር የምንስቀው። ነጭ ጋቢ የለበሰች በቅሎ ቆይቼ እንደማገኝ ማን ነገረኝ!

ባለቤቴ ምናለ ሽማግሌ ሲልክ፣ ዝምድና እንዳይኖረን በደንቡ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። በእነሱ በኩል የቆጠሩት የእናቱ ወንድም ጋሼ ደምሴ ናቸው። አባታቸውን ከነርስታቸው፣ ከነፈረሳቸው አነሱ። እናታቸው ጋ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ውኃ ቀረበላቸው፤ ጠጡና እናታቸውን ዘለው ከሌላ ስም ቀጠሉ።

ነገሩን ምናለ ኋላ ገለጠልኝ። የጋሼ ደምሴ እናት እማማ እናንዬ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ምናለን፣ እናቱ በሕፃንነቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እኚሁ አያቱ ናቸው። ሰፈሩ በሠሩት ጋን ጠላውን ይጠምቃል፤ እሳቸውን ግን «ቡዳ» ይላቸዋል። ልጃቸው ደግሞ ከሰፈሩ ጋር ተስማምተው ኖሩ።

ባለፈው ጥር ልጃችንን ማርታን ይዘን ምናለ ወዳደገበት ሰፈር፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ያወራኝ፣ አያቱ ሸክላ ያቃጥሉበት የነበረውን ጓሮ ለልጁ ስለማሳየት ነው። «የአያቴን ስም ከኔ አፍ ትስማው» አለኝ። እኔ ግን ፈራሁ። አጎቱ ፊት ምላሱ እንደሚታሰር አውቃለሁ። አጎቱን መናቅ ለምጄዋለሁ፤ ባሌን መናቅ ግን አልፈልግም።

ጋሼ ደምሴ በራፋቸው ላይ የሚተራመሰውን ባጃጅ ሁሉ ረግመው ካስገቡን በኋላ፣ ማርታን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ስሚ የኔ ልጅ፣ የማን ዘር እንደሆንሽ እወቂ። ያባቴ፣ ያንቺ ቅድመ አያት ፈረስ ሲያሽካካ ዲማ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ዲማ ድረስ! ነጎድጓድ እንኳ አይደርስም።

«ሚስታቸውስ ማን ነበሩ?» አለች ማርታ።

ሳሉ መጣ። ውኃው ቀረበ። ምናለ መሬት መሬት ያያል።

አንቱታው ከአፌ አልጎደለም፤ ከልቤ ግን ከወጣ ቆይቷል። «ጋሼ፣ እርስዎ እስኪያርፉ እኔ አንድ ተረት ልንገራት» አልኩና የአያቴን በቅሎ አመጣሁባቸው። «ፈረስ አጎቴ ነው» ላይ ስደርስ እንደ አባባ ዝም አልኩ።

«አባቷስ?» አለች ማርታ።

«አህያ ነዋ!» አሉ ጋሼ ደምሴ ከሁላችን ቀድመው፤ እንባቸው እስኪመጣም ሳቁ። «ይች ወራዳ! የወለዳትን እኮ ነው የምታፍርበት!»

ሳሉ የት እንደገባ እንጃ። እንዲህ ያለ ሰው ይሰደባል እንዴ? ስድቡ ራሱ ይባክናል።

ምናለ አልሳቀም። ተነሣና የማርታን እጅ ያዘ። «ነይ፣ ያሳደገችኝን ሴት ጓሮ ላሳይሽ» አላት። «እናንዬ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ነበረች። የጋሼ እናት ናት።»

ጋሼ ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። ሊስሉ ሞከሩ፤ ሳሉ ግን እምቢ አላቸው።

ከዚያው ቤት ጀርባ፣ ጓሮው ጥግ ላይ አፈሩ አሁንም ጥቁር ነው። ማርታ አንድ ገል አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ምናለ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ እናንዬ እሳቱን እንዴት ታዳፍን እንደነበር በእጁ እያሳየ ያወራላት ነበር። ከጀርባቸው ቆሜ አለቀስኩ።

አባባ ያኔ ተረታቸውን የሚጨርሱት «አህያው ግን ቅር አላለውም፤ ጭነቱን ይዞ ሄደ» ብለው ነበር። ሌላውን ሁሉ አምናቸዋለሁ። ይህን ግን ያኔም አላመንኳቸውም። ቅር ብሎታል።